ጎብኚው ምን ይዞ ይወጣል? የቅርስ ገለጻ አዘገጃጀትና አመዛዘን

ፋሲል ግቢ ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከሚሰማው ነገር ብዙው የነገሥታት ስምና የዘመን ቁጥር ነው። ፋሲለደስ ከ1632 እስከ 1667፣ ጻድቁ ዮሐንስ እስከ 1682፣ ታላቁ ኢያሱ እስከ 1706፣ ኋላም ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብና ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ። («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሞቹም ቁጥሮቹም ትክክል ናቸው። ሰውየው ወጥቶ ፒያሳ ማኪያቶ ሲያዝ ግን አንዱም አብሮት የለም።

በዕውቀት ማነስ የመጣ ችግር አይመስለኝም። አብዛኞቹ አስጎብኚዎች ከሚናገሩት በላይ ያውቃሉ። የሚጎድለው ከሚያውቁት መምረጥ፣ ከመረጡም በኋላ ምርጫው መሥራት አለመሥራቱን ማጣራት ነው። ይህ መመሪያ የሚያወራው ስለነዚህ ሁለቱ ነው። ምሳሌዎቹን ከጎንደር እወስዳለሁ፤ ሐረር ጀጎል፣ ጥያ ወይም የአንድ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ቢሠሩም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

የዘርፉን መሠረት የጣለው መጽሐፍ በ1957 የታተመው የአሜሪካዊው የፍሪማን ቲልደን ሥራ ነው። ቲልደን ጋዜጠኛና ደራሲ ነበሩ። ካስቀመጧቸው ስድስት መርሆች ሁለቱን ብቻ ቢይዙ ይበቃል፦ መረጃ ብቻውን ገለጻ አይሆንም፤ የገለጻም ዋና ግብ የጎብኚውን የማወቅ ፍላጎት መቀስቀስ ነው። የቀረውን ሰውየው ራሱ ይፈልገዋል።

ሳይናገሩ ይዙሩ

ምንም ነገር ከመጻፍዎ በፊት ቦታውን ከማያውቅ ሰው ጋር ይዙሩ። እርስዎ ዝም ይበሉ። የት ቆመ? ምኑን ሊነካ እጁን ዘረጋ? ምን ጠየቀ? ጥያቄውን በራሱ አነጋገር፣ ሳያርሙና ሳያሳምሩ ይመዝግቡ። ቀጥለው ትኬት ቆራጯን፣ ዘበኛውንና በር ላይ የሚቆሙትን ፎቶ አንሺዎች ያነጋግሩ። ጎብኚ አስጎብኚውን ለመጠየቅ የሚያፍረውን እነሱን ይጠይቃል፤ አንበሶቹ የት እንደነበሩ፣ ነገሥታቱ የት ይታጠቡ እንደነበር፣ «እውነት ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት?» የመሳሰለውን። እነዚህን ጥያቄዎች እንደ ተራ ነገር አይናቁ። ገለጻዎ የሚገባበት በር እነሱ ናቸው።

ከዚያ ማን እንደሚመጣ ይለዩ። «ጎብኚ» የሚባል አንድ ሰው የለም። ጥር ላይ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ልቡ ያለው ፋሲለደስ መዋኛ ነው፤ ግቢውን የሚያየው በትርፍ ሰዓቱ ነው። የትምህርት ቤት ጉዞ ላይ ያለ ልጅ ሰባት መምህራን ሲጮሁበት ይውላል። ከእስራኤል የሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ ብቻውን ሊታሰብ ይገባዋል። አያቲቱ ወለቃ ወይም አምቦበር ተወልደዋል፣ የልጅ ልጆቹ አሽዶድ ወይም ነታንያ አድገዋል፤ እርስዎ የሚናገሩትን አማርኛ ወጣቶቹ ግማሹን ብቻ ይሰሙታል። እንዲህ ያለ ቡድን ሲገጥምዎ ምላስዎን ይሰብስቡና «እማማ፣ በእርስዎ ልጅነት ከዚህ የሚመጣው ሰው ምን ይሸጥ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ ከእርስዎ ሰባ ቃላት ይልቅ የአያታቸውን አንዲት መልስ ይዘው ይሄዳሉ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር

አሁን ይጻፉ፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። «የጎንደር ነገሥታት ታሪክ» ርዕስ ነው፣ ሐሳብ አይደለም፤ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፣ ማንም «እንዴት?» ብሎ አይጠይቀውም። በዚህ ሙያ ብዙ የጻፉት ሳም ሃም አጥብቀው የሚያሳስቡት ይህንኑ ነው፦ ገለጻ በሙሉ ዓረፍተ ነገር በሚነገር አንድ ሐሳብ ዙሪያ ይቆም፣ ሐሳቡን የሚሸከሙት ዋና ዋና ነጥቦችም ከአራት ወይም ከአምስት አይብለጡ።

ለፋሲል ግቢ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። የመጀመሪያው፦ «ይህ ግቢ የአንድ ንጉሥ መኖሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው በበር በበር የተከፋፈለ የመንግሥት መቀመጫ ነበር።» ይህን ለማሳየት ተረት መፍጠር አያስፈልግም። 900 ሜትር ያህል የሚረዝመው ቅጥር 12 በሮች አሉት፣ ስማቸው ራሱ ይናገራል። ወንበር በር የዳኞች ነው፣ ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ፣ እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ተዝካሮ በር የተዝካር፣ እልፍኝ በር የውስጥ ቤተኞች፤ ግምጃ ቤት ማርያም በር ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያወጣል። አማርኛ ለሚሰማ ጎብኚ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም ሳያስረዳው ግማሹን ይፈታዋል። የትምህርት ቤት ልጆችን እንዲህ ያሰማሩ፦ አንዱን ተካሳሽ፣ አንዱን ፈረሰኛ፣ አንዱን እምቢልታ ነፊ ያድርጉና «በየትኛው በር ትገባለህ?» ይበሏቸው። ለልጆች የሚሆነው ገለጻ የአዋቂው ገለጻ ተቆርጦ የሚቀርብ እንዳልሆነ ቲልደንም በስድስተኛው መርሃቸው ተናግረዋል፤ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር፦ «ጎንደርን ያነጹት እጆች የብዙ አገርና የብዙ ሃይማኖት ናቸው።» እኔ ይሄኛውን አስበልጣለሁ፤ ጎብኚው ይዞት የሚመጣውን ጥያቄ በቀጥታ ይነካልና። ሁለቱን በአንድ ጉብኝት ማደባለቅ ግን አይሆንም። ለአንዱ ቡድን አንዱን ይምረጡ። የማይገጥመው ታሪክ፣ ምን ጣፋጭ ቢሆን፣ ከተጠየቁ ብቻ የሚወጣ ይሁን። የዳዊት ዘፈን ቤትም፣ የአንበሶቹም ቤት ለዚህ ይበቃሉ፤ ልጅ ካለ ግን አንበሶቹን መዝለል ግፍ ነው።

ከዓይን ወደ ጆሮ

እያንዳንዱ ማቆሚያ በሚታይ ነገር ይጀምር። ፋሲለደስ ግንብ ፊት ለፊት ቆመው የሚሆነውን ላሳይዎት።

ቡድኑን ጥላ ወዳለበት ያምጡ። ፀሐዩ የእርስዎን ፊት ይምታ እንጂ የእነሱን ዓይን አይውጋ። የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ አፍዎን አይክፈቱ፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ እንግዳ አጭሯን ዳገት ወጥቶ እስኪተነፍስ ጊዜ ይፈልጋል። ሁሉም ሲቆሙ «ቀላ ያለው ድንጋይ የት የት ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁና ሃያ ሰከንድ ዝም ይበሉ። ሃያ ሰከንድ ለአስጎብኚ በጣም ረጅም ነው፤ ይቻሉት። ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ መሆኑን፣ ቀላ ያለው በበሩና በመስኮቱ ቅስት ዙሪያ ብቻ መታየቱን አንዱ ያስተውላል። «ለምን እዚያ ብቻ?» ቀላ ያለው ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ በመሮ ይታዘዛል፣ ቅስት ለመጠረብ ይመቻል፤ ጠንካራው ደግሞ ክብደት ይሸከማል። ሁለቱን ያያያዘው ኖራ ነው። አሁን ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሏል። «ይህን ጥበብ ከማን ተማሩት?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከእነሱ ነው፣ እርስዎም ወደ ሐሳብዎ ገቡ ማለት ነው።

በዚህ መልክ ሲሄድ የኢያሱ ቤተ መንግሥት ሁለተኛ ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚታየው ነገር የሌለው ነገር ነው፤ ቀና ሲሉ ሰማይ ይታያል። «ጣሪያው የት ሄደ?» በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በኋላም ጣሊያኖች ግቢውን ሠፍረውበት ሳለ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ሌላ ማስፋት አያስፈልገውም።

አከራካሪውን አይዝለሉት

«ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ፈተና አለ፤ ከጎብኚው ጋር መስማማት፣ ወይም በስሜት መከራከር። ሁለቱንም ትተው የሚታወቀውን በተራ ያስቀምጡ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ከአገር ያስወጣው በነገሠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ ወዲህ፣ በ1636 ገደማ ነው። በ1648 ከየመን ኢማም የተላከው መልእክተኛ አል-ሃይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ፣ የግንቡ ዋና አናጺ ከህንድ የመጣ መሆኑን ጽፏል። ከጎንደር በፊት በእንፍራንዝ አቅራቢያ የቆመው፣ ለሠርፀ ድንግል የሚሰጠው የጉዛራ ግንብ ደግሞ አሠራሩ በአንድ ጀምበር እንዳልመጣ ያሳያል። በከተማዋ ግንባታ ውስጥ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች እጅ እንዳለበት በሰፊው ይታወቃል። እነዚህን አራት ነገሮች ከነገሩት በኋላ ጎብኚው የራሱን ፍርድ ይስጥ። «ይባላል» የሚሉትንና «ተጽፏል» የሚሉትን ሳያምታቱ ይናገሩ፤ ልዩነቱ ለጆሮ ትንሽ ነው፣ ለእምነት ግን ብዙ ነው።

መራራውም ይነገር። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668፣ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወስኗል፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ስም ከዚህ ታሪክ ጋር ይነሣል። የእጆቹን ታሪክ እያሞገሱ ባለ እጆቹ የት ይኖሩ እንደነበር መዝለል ያስተዛዝባል። ድምፅዎን ሳይቀይሩ፣ ማንንም ሳይከሱ፣ ማንንም ሳይከላከሉ ይናገሩት። ከቡድኑ ውስጥ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው እንዳለ ካወቁ ግን ዞር ብለው እሱን አይዩት፤ የሰው ኀዘን ለማስረጃ አይጠራም።

ሰሌዳ ሲጽፉ

ሰሌዳ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሚበዛው ስህተት ርዝመት ነውና። ከ60 እስከ 70 ቃል ይብቃ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጎብኚው ፊቱ ያለውን ነገር ይጥራ፦ «ከራስዎ በላይ ያለው ቅስት…» ብሎ የሚጀምር ሰሌዳ «በ17ኛው ክፍለ ዘመን…» ብሎ ከሚጀምረው ይልቅ ይነበባል። ርዕሱ ራሱ ሐሳቡን ይናገር፤ ብዙ ሰው ርዕሱን ብቻ አንብቦ ያልፋል።

የፊደላችን ልዩነት በጥቃቅን ጭረት ስለሆነ አነስ ብሎ ሲታተም ይደባለቃል። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም፤ ከፍ ያድርጉት፣ በመስመሮቹም መካከል አየር ይስጡ። የሚያብረቀርቅ ሽፋን በቀትር መስታወት ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱን በሁለት አቆጣጠር አያደናግሩ፤ የአማርኛው በዓ.ም.፣ የእንግሊዝኛው በራሱ ይሁን፣ ፋሲለደስም በአማርኛው ሰሌዳ ላይ በ1624 ዓ.ም. ይንገሥ። የሁለቱ ጽሑፍ ይዘትም አንድ መሆን የለበትም፤ «ባልደራስ» ለውጭው እንግዳ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ለእኛ ሰው አይፈልግም፣ የተረፈውን ቦታ ለሌላ ነገር ያውሉት። ቅጥሩ ላይ ግን ምስማር አይመታም። ግቢው ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ምሰሶ ለማቆምም ቢሆን መጀመሪያ ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር ይነጋገሩ።

በካርቶን ይፈትኑት

መመዘን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ያለው ነው። ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ስህተት ቢያገኙ ማን ያስቀይርልዎታል? ጽሑፉን በተራ ወረቀት ያትሙት፣ ካርቶን ላይ ይለጥፉት፣ በእንጨት ደግፈው ቦታው ላይ ያቁሙት። ስምንት አሥር ጎብኚ እስኪያነበው ራቅ ብለው ይዩ። ማን ጀምሮ ተወው? የቱ መስመር ላይ? ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ ቅስቱን አየ ወይስ ሄደ? ቀና ማለቱ ትልቁ ምልክት ነው። ከዚያ ጠጋ ብለው «ይህ ሰሌዳ ምን ለማለት ፈልጎ ነው? በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» ይበሉ። ሦስት ሰው አንዱን ቃል ከሳተው ጥፋቱ የቃሉ ነው። ያርሙት፣ እንደገና ያትሙት፣ እንደገና ያቁሙት። ወጪው የወረቀት ነው።

ገለጻውም በዚሁ መልክ ይፈተናል። አዲሱን ማቆሚያ ለሁለት ቡድን በአዲሱ፣ ለሁለት ቡድን በድሮው መንገድ ያቅርቡና ጥያቄው የበዛበትን ያስቀሩ።

ይሉኝታን ማለፍ

እኛ አገር ምዘና የሚወድቀው እዚህ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅ አስጎብኚው ራሱ «እንዴት ነበር?» ይላል፤ እንግዳው «በጣም ቆንጆ ነበር፣ እግዜር ይስጥልን» ይላል፤ ጉርሻ ይሰጥና ይለያያሉ። የእንግዳ መዝገቡም በዚሁ ዓይነት ቃል የተሞላ ነው። ሰው አልዋሸም፤ አመሰገነ። ምስጋና ግን ስለ ገለጻው የሚነግርዎት ነገር የለም። ስለዚህ ሦስት ነገር ያድርጉ።

ጠያቂው አስጎብኚው አይሁን። ሌላ ሰው፣ በተለይ ቡድኑን ያላየ ሰው፣ መውጫው ላይ ይቁም። የቱሪዝም ተማሪዎች ለዚህ ሁነኛ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱም ልምምድ ይሆናቸዋል።

ጥያቄው ስለ ውዴታ አይሁን። «ወደዱት?» «ረኩ?» ይቅሩ። «ቤት ሲደርሱ ስለዚህ ቦታ ለሰው የሚነግሩት አንድ ነገር ምንድን ነው?» ይበሉ። ወይም ሳም ሃም እንደሚመክሩት በጉብኝቱ ምክንያት ወደ ሐሳባቸው የመጣውን ሁሉ ያስዘርዝሯቸው፣ እርስዎም ቃል በቃል ይጻፉ። ከፈቀዱ ስልካቸው ላይ ያነሷቸውን የመጨረሻ ሦስት ፎቶዎች እንዲያሳዩ ይጠይቁ። ራሱን ብቻ ያነሣ ሰውና የድንጋዩን መጋጠሚያ ቀርቦ ያነሣ ሰው አንድ ዓይነት ጉብኝት አልጎበኙም።

ሦስተኛ፣ የሚበቃዎትን ውጤት አስቀድመው ይወስኑ። ከአሥር ስድስቱ ሐሳቡን ካገኙት ገለጻው ይቀጥላል፣ ከዚያ ካነሰ ይስተካከላል ብለው ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ስድስት የሚለው የእኔ ልክ ነው፤ የራስዎን ያውጡ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚወጣ ልክ ግን ሁልጊዜ ውጤቱን ያቅፋል።

ወረቀቱን ማንበብ

መልሶቹን በሦስት ይክፈሉ። በአንደኛው ክምር ሐሳቡን በራሳቸው ቋንቋ የተናገሩት ይግቡ፦ «ጎንደር የአንድ ወገን ሥራ አለመሆኑ ገረመኝ» ያለ ሰው የእርስዎን ዓረፍተ ነገር አልደገመም፣ ገብቶታል። በሁለተኛው መረጃ ብቻ የያዙት፦ «12 በር አለው»። በሦስተኛው ምንም ያልያዙትና የተሳሳተ የያዙት። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ክምር ቆጥሮ ሪፖርት ይጽፋል። እኔ ግን ብዙ የሚገኘው ከሦስተኛው ይመስለኛል፤ ስለ ህንዱ አናጺ ሰምቶ «ህንዶች ናቸው የሠሩት» ብሎ የወጣ ሰው ካለ፣ ስለ ሌሎቹ እጆች የነገሩት ዘግይተው ወይም በጥድፊያ እንደነበር ይገባዎታል። ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ።

ያለ አስጎብኚ የሚዞረውን ሰው ለመመዘን ደግሞ የግቢውን ንድፍ በአንድ ወረቀት ያባዙ። ከሩቅ ሆነው አንድን ጎብኚ ይከተሉ፣ የቆመበትን በነጥብ፣ የቆየበትን በሰከንድ ያስፍሩ፤ ቆመ የሚባለው ሁለት እግሩ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሲረጋ ነው። አሜሪካዊቷ ቤቨርሊ ሴሬል በ1998 ባሳተሙት ሥራ ከ100 በላይ ኤግዚቢሽኖችን በዚህ መንገድ አወዳድረው፣ ጎብኚዎች ባብዛኛው ከ20 ደቂቃ በታች እንደሚቆዩ አሳይተዋል። ከእሳቸው ሁለት ስሌት ይውሰዱ። አንደኛው የስፋትና የጊዜ ነው፤ 300 ካሬ ሜትር አዳራሽን በአማካይ በ15 ደቂቃ የሚጨርሱ ከሆነ በደቂቃ 20 ካሬ ሜትር ጠረጉ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ነገሮች ዘንድ የቆሙት ሰዎች ድርሻ ነው፤ ከ40 ሰው 10ሩ ብቻ ከሆኑ 25 በመቶ። በተለይ ማንም ያልቆመበትን ነጥብ ይፈልጉ። ሰሌዳው መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሆናል፣ ወይም ሁሉም ፎቶ የሚያነሣበት ቦታ ጀርባ ሰጥቶት። የተከተሉትን ሰው ስምና መልክ አይመዝግቡ፤ ዕድሜውን በግምት፣ ብቻውን ወይም በቡድን መሆኑን ማስፈር ይበቃል፤ ትኬት መቁረጫው ላይም «ዛሬ ጥናት እየተካሄደ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ።

አንድ ምዘና ለሁሉም ወቅት አይሠራም። በጥምቀት ሰሞን የተሰበሰበ መልስ ስለ ሕዝቡ ብዛት ይናገራል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሰውን ወደ ግንቡ ውስጥ ስለሚያስገባው ውጭ ያሉት ሰሌዳዎች ያለ አንባቢ ይቆያሉ። ቢያንስ በሁለት ወቅት ይድገሙት። ወረቀቶቹን ቀን ጽፈው፣ የትኛው ገለጻ በዚያን ጊዜ ይሰጥ እንደነበር አስታውሰው በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። አዲስ አስጎብኚ ሲቀጠር ፋይሉን ይስጡት፤ በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛውን ክምር ያስነብቡት።